«ምን አለች?» የማያስብል ሴንተር ስፒከር

እኛ ቤት ፊልም ሲታይ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «ምን አለች?»

ጠያቂዋ አክስቴ ናት። ፊልሙ በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ነው፤ ስለዚህ የቋንቋ ችግር የለም። ድምፅ እጨምራለሁ። ወዲያው ሙዚቃው ያብጣል፣ ተኩስ ይጀመራል፣ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደልቃሉ። ድምፅ እቀንሳለሁ። «አሁንስ ምን አለች?»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮዋን ነበር፤ ይቅር ትበለኝ። አንድ ቅዳሜ ቡና እየተፈላ ሳለ እሷ ቦታ ተቀመጥኩ። ሶፋችን ኤል ሼፕ ነው። እሷ የምትቀመጠው አጭሩ ክንፍ ጫፍ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተጎን ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ምን አለች?» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ሴንተር ስፒከር፣ ማለትም የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣበትን የመሃል ስፒከር፣ ፍለጋ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ ዞርኩ። ኪሴ ውስጥ ብዙ ብር አልነበረም። ሜትር ግን ነበረኝ፤ እሱ የበለጠ ጠቀመኝ። ምክንያቱም የትኛው ስፒከር እንደሚሻላችሁ ከዋጋው በላይ የሚወስነው የሶፋችሁ አቀማመጥ ነው።

የመሃሉ ስፒከር ሥራ

ሆም ቴአትር ካርቶን ላይ 5.1 የሚል ጽሑፍ አይታችኋል። አምስቱ ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል እና ሁለት የኋላ ስፒከሮች ናቸው። ነጥብ አንዷ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር ነው። ፊልም ሲቀናበር ሙዚቃው፣ ዝናቡ፣ መኪናው በየአቅጣጫው ይበተናል። ንግግሩ ግን በአብዛኛው የሚላከው ወደ መሃሉ ነው። ግራና ቀኙ የቱንም ያህል ቢያምሩ ሰውየው ምን እንዳለ የሚነግራችሁ ሴንተሩ ነው።

ሲኒማ ቤት ይሄ ስፒከር ከሸራው ጀርባ ይቀመጣል። ሸራው ከመቀመጫ ሆኖ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስለሆነ ድምፁ በዚያ ያልፋል፤ ንግግሩ ከተዋናዩ አፍ የወጣ የሚመስለው ለዚህ ነው። እቤት ቴሌቪዥን መብሳት አይቻልም። ስለዚህ ከስሩ ወይም ከላዩ እናስቀምጠዋለን፤ ቁመቱ አጥሮ ወርዱ የረዘመ ሆኖ የሚሠራውም ለዚሁ ሲባል ነው። ይሄ የተጋደመ ቅርፅ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ግራና ቀኝ ካለ መሃሉ ለምን አስፈለገ? ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ሲያወጡ በትክክል መሃል ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከመሃል የመጣ ይመስለዋል። ጆሮ እንዲህ ይሸወዳል። ወደ ጎን ፈቀቅ ስትሉ ግን ሽወዳው ይፈርሳል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዱ ስፒከር ከሌላው በአንድ ሜትር ከቀረባችሁ የሱ ድምፅ ከአንድ ሴኮንድ ሺህ እጅ ሦስት እጅ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። ለጆሮ ይሄ በቂ ነው፤ ንግግሩን በሙሉ ወደ ቀረበው ስፒከር ይጎትተዋል። ተዋናይዋ ስክሪኑ መሃል ቆማ ድምፅዋ ከመጋረጃው በኩል ይመጣል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች ፊላዴልፊያ ላይ የሚጫወትን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ዋሽንግተን ላለ አዳራሽ ሲያስተላልፉ ሁለት ሳይሆን ሦስት መስመር ነበር የዘረጉት፤ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው መሃል ወንበር አይደርሰውማ። የኛም ሳሎን እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያተርፍ አንድ ነገር ልበል። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ፣ ሁሌም ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የምታዩ ከሆነ ሴንተር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሁለት ደህና ስፒከሮች ግዙ፣ አምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ሴንተር የለም በሉት። የመሃሉን ንግግር ለግራና ለቀኝ እኩል ያካፍለዋል። መናኛ ሴንተር ከመጨመር ይሄ ይሻላል። እንግዳ ለሚበዛበት፣ ሰው ግድግዳ ተከትሎ ለሚደረደርበት ቤት ግን አይሆንም። እንደኔ ቤት ላለው ማለቴ ነው።

ሜትሯን ያወጣሁባት ቀን

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ገና ሳልጠይቀው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ግዙፍ ሴንተር አወረደ። «ወንድሜ፣ ይሄ ሁለት ሺህ ዋት ነው። ቤቱን ነው የሚያነቃንቀው።» እኔ ቤቱ እንዲነቃነቅ አልፈለግኩም። አክስቴ እንድትሰማ ነው የፈለግኩት።

ስፒከሩ እንደ አብዛኞቹ ነው የተሠራው። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ክቦች አሉት፤ ውፈር ይባላሉ። መሃላቸው አንዲት ትንሽ ክብ አለች፤ እሷ ትዊተር ናት፤ ከድረ ገጹ ጋር ዝምድና የላትም። ሜትሬን ከአንዱ ውፈር መሃል ወደ ሌላው ውፈር መሃል ዘረጋሁ። 28 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ ቁም ሳጥን የሚለካ አናጢ እንዳየ ሰው አየኝ።

28 ሴንቲ ምን ያደርጋል? ሁለቱ ውፈሮች አንድ ዓይነት ድምፅ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወጡት። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ስለሆነ ድምፆቹ አብረው ይደርሱና ይደጋገፋሉ። ከስፒከሩ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን የተቀመጠ ሰው ጋ ግን የራቀው ውፈር ድምፅ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ መንገድ አለበት። ድምፅ ማለት አየርን መግፋትና መሳብ ነው። የሞገዱ ርዝመት 40 ሴንቲ የሆነ ድምፅ በ20 ሴንቲ ሲዘገይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። አንዱን በር ሁለት ሰው፣ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ፣ እኩል ሲገፉት አስቡ። በሩ ንቅንቅ አይልም። ድምፁም እንዲሁ ይጠፋል።

40 ሴንቲ ርዝመት ያለው ሞገድ ወደ 860 ሄርዝ ነው፤ በሴኮንድ 860 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። አናባቢዎቻችንን፣ ኡን ከኢ፣ ኦን ከኧ፣ የምንለየው በአብዛኛው ከ300 እስከ 2,500 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ድምፁ የሚጠፋበት ጉድጓድ የወደቀው እዚያው መሃል ላይ ነው። አክስቴ ጎን ተቀምጣ በእንዲህ ያለ ስፒከር የምትሰማው ንግግር ጀሪካን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው የሚመስላት ወድዳ አይደለም።

እንግዲህ እኛ ሳሎን ውስጥ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ከጎኑ ዱካ፣ ከዱካው ጎን የፕላስቲክ ወንበር ነው ያለው። ፊት ለፊት የሚቀመጠው አባወራው ወይም ሪሞቱን የያዘው ነው። ሌላው ሁሉ በጎን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በትልቅነቱ የሚመርጠው፣ ሁለት ትልልቅ ውፈሮች በሰፊው የተራራቁበት የተጋደመ ስፒከር ለኛ ሳሎን ብዙም አይመችም። ይህን የምለው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ፊት ለፊት ለሚደረደር ቤተሰብ ግሩም ነው።

ታዲያ የቱን?

እንደኔ ምርጫ አንደኛው ርካሹም ነው። ሴንተር ተብሎ የተሠራውን ትታችሁ ከግራና ከቀኝ ስፒከሮቻችሁ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አንድ ትንሽ ስፒከር አቁሙ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት፣ አንድ ውፈር ከታች፣ አንድ ትዊተር ከላይ ያለው። አንድ ውፈር ብቻ ስለሆነ ጎን ለጎን የሚጣሉ ሁለት የሉም። በጎን ስትቀመጡም ድምፁ ያው ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ሲደርስ ሌላ መኪና አይሆንም። ችግሩ ሁለት ነው። በጥንድ እንጂ በነጠላ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቁመቱም 30 ሴንቲ ገደማ ስለሚሆን ቴሌቪዥኑን ይጋርዳል። ቴሌቪዥናችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ግን ሁለተኛው ችግር የለም። ለመጀመሪያውም መላ አለ፤ ሁለት ጥንድ ገዝታችሁ ሦስቱን ፊት አድርጉ፣ አራተኛውን ለመለዋወጫ አስቀምጡት ወይም ለወንድማችሁ ሽጡለት።

ስፒከሩን አጋድሜ ባስቀምጠውስ የሚል ይኖራል። አታጋድሙት። ትዊተሯና ውፈሩ ጎን ለጎን ከሆኑ ሁለቱ በሚጋሩት ድምፅ ላይ ያው ጣጣ ይመለሳል።

ሁለተኛው መንገድ ተጋዳሚ ሆኖ መሃሉ ላይ ትዊተር ብቻ ሳይሆን ከትዊተሯ ሥር ሌላ አነስ ያለ ክብ ያለው ነው። ሦስት መንገድ ይባላል። የሰውን ድምፅ አብዛኛውን የሚያወጣው ያ የመሃሉ ክብ ስለሆነ ጎን የተቀመጠ አይጎዳም። በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ እዚህም ብዙ አይገኝም። ትዊተሯ ውፈሩ እምብርት ላይ የተተከለችበት ዓይነትም አለ፤ ኬኢኤፍ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሚታወቅበት ነው። ተጠቅሞበት የሚሸጥ ካገኛችሁ አትለፉት።

ከተጋዳሚዎቹ ሌላ ምርጫ ካጣችሁ ውፈሮቹ ትንንሽና የተጠጋጉ የሆኑበትን ውሰዱ። በመሃላቸው ያለው 20 ሴንቲ ከሆነ በ45 ዲግሪ ላይ ጉድጓዱ ወደ 1,200 ሄርዝ ይሸሻል። አልጠፋም፤ ግን መለስተኛ ጎን ላይ ላለ ሰው ይሻላል። ለምሳሌ የሶኒው ኤስኤስ-ሲኤስ8 ባለ 4 ኢንች ሁለት ውፈር ነው፤ የፖልኩ ቲ30 ባለ 5 ከሩብ ኢንች ሁለት ውፈር ነው። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ ከ200 ዶላር በታች ሲሸጡ የቆዩ፣ የጨዋ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። ሶኒው ለሲኤስ5 እና ለሲኤስ3፣ ፖልኩ ለቲ15 እና ለቲ50 ወንድም ሆነው የተሠሩ ናቸው። ግራና ቀኛችሁ ከነዚህ ከሆነ ወንድሙን ከመግዛት አትዝለሉ።

ወንድማማችነቱ ለምን ይጠቅማል? የስፒከር ድምፅ እንደ ሰው ድምፅ መልክ አለው። አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ጎርነን ይላል። ተዋናዩ ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው ይሄዳል። መልካቸው ካልገጠመ እግረ መንገዱን ጉንፋን የያዘው ይመስላል። በቂ ገንዘብ ካልያዛችሁ ከተለያየ ድርጅት ትልቅ ሴንተር ከመግዛት ከወንድሞቹ ትንሹን መግዛት ይሻላል።

ዋት፣ ኦም፣ ሌላም ቁጥር

ሁለት ሺህ ዋቱን ረሱት። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር ወፍ የማታውቀው ነገር ነው፤ ለዓይን ጥቅሻ ለምትሆን ጊዜ ይደርሳል የተባለ ኃይል ነው። የምታዩት አርኤምኤስ የሚለውን፣ ያለማቋረጥ የሚሠራበትን ኃይል ነው።

ከዋት ይልቅ ዲቢ የሚለውን፣ የጩኸት መለኪያውን ፈልጉ። አንድ ስፒከር 88 ዲቢ ከተባለ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ያን ያህል ይጮሃል ማለት ነው። በተለመደ ድምፅ የሚያወራ ሰው በአንድ ሜትር ላይ 60 ዲቢ ገደማ ነው። እንግዲህ አስሉት። አንዲት ዋት ለንግግር ከበቂ በላይ ናት። 91 ዲቢ የሆነው ደግሞ ከ88ቱ ጋር እኩል ለመጮህ ግማሽ ኃይል ይበቃዋል። ደካማ አምፕሊፋየር ያለው ሰው ይህን ቁጥር ነው የሚያይ። ለሠርግ ሞንታርቦ እየገዛችሁ አይደለም።

ኦም ላይ፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን በሚቋቋምበት መጠን ላይ፣ ግን ተጠንቀቁ። እኛ አገር ሆም ቴአትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ዲቪዲውም አምፑም በአንድ ሣጥን የሆነውን፣ ከአምስት ስስ ስፒከሮች ጋር የሚመጣውን ነው። የነዚያ ስፒከሮች ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። የተለመደው ሴንተር 6 ወይም 8 ኦም ነው። 8 ኦሙን እዚያ ሣጥን ላይ ብትሰኩት አይቃጠልም፤ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ኃይል ስለሚደርሰው ድምፁ ዝቅ ሊል ይችላል። ተገላቢጦሹ ነው አደገኛው። 3 ኦሟን ስፒከር ለ6 እና ለ8 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩ አምፑ ይግላል፤ ሲብስም ይጠፋል። ከስፒከሩ ጀርባ ተጽፏል፤ ገልብጣችሁ አንብቡ።

ስለ ስያሜ አንድ ጣልቃ። ውጭ አገር ይህን አምፕሊፋየር ሪሲቨር ይሉታል። እዚህ ሱቅ ገብታችሁ ሪሲቨር ካላችሁ የዲሽ ሪሲቨር ነው የሚያወጡላችሁ። ባለ 5.1 አምፕሊፋየር በሉ።

ሲገዙ

ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ነውር አይደለም። ስፒከር እንደ ስልክ ቶሎ አያረጅም፤ አሥር ዓመት የሠራ ደህና ስፒከር ከአዲስ መናኛ ይበልጣል። ግን ፈትሹ።

መጀመሪያ የውፈሩን ዙሪያ እዩ። ክቡን ከሣጥኑ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ላስቲክ ከሆነ ደህና ነው። ስፖንጅ ከሆነ በጣታችሁ በቀስታ ንኩት። ስፖንጅ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ቀጥሎ ውፈሩን በሁለት እጅ ጣቶች፣ ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ፣ በዝግታ ወደ ውስጥ ግፉት። ኮሽታ ካለ ውስጡ ያለው ጥቅልል እየተፋተገ ነው፤ ተዉት። ትዊተሯን ግን አትንኩ። በቴስተር ኦሙን ለኩ፤ 8 ኦም የተባለው ከ5 ተኩል እስከ 7 ቢያሳይ ትክክል ነው። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል።

አንዲት የ1.5 ቮልት ባትሪም ትበቃለች። ሁለት ቁራጭ ሽቦ በባትሪው ጫፎች ይዛችሁ ፖዘቲቩን ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ጋር ለቅጽበት አስነኩ። ውፈሩ ወደ ውጭ ካለ ልክ ነው። ወደ ውስጥ ካለ ሽቦው ተገልብጦ ተጠግኗል ማለት ነው። ሁለቱ ውፈሮች አንዱ ወደ ውጭ አንዱ ወደ ውስጥ ካሉ ደግሞ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያ ማዳመጥ። ሻጩ ሁሌም ባስ የሚበዛበት ዘፈን ነው የሚከፍትላችሁ። እምቢ በሉ። እኔ አክስቴን «ኧረ ቡናው ሳይበርድ ጠጡ» ስትል በስልኬ ቀድቻት ነበር። በደንብ የምታውቁት ሰው ድምፅ ይዋሽ እንደሆነ ጆሯችሁ ወዲያው ይነቃል። በአንዱ ስፒከር አክስቴ በአፍንጫዋ ታወራለች። በሌላው ጆንያ ውስጥ ገብታለች። በአንዱ ብቻ አክስቴን ሆነች።

ሌላው ፈተና የእግር ነው። ከስልካችሁ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ድምፅ በስፒከሩ አጫውቱ፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለማቋረጥ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ራቁና ከፊቱ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን ዙሩ። ዝናቡ ያው ዝናብ ከሆነ ጥሩ። በቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ ውሃ መልኩን ከቀየረ ቅድም ያወራነው ጉድጓድ ማለት ነው። ሰው ይስቅባችሁ ይሆናል። መርካቶ ውስጥ ከዚህ የባሰ ሲታይ ኖሯል።

ከሱቅ ውጭ ቴሌግራም ላይ ስፒከር የሚሸጥ ብዙ ነው። ቤቱ ሄዳችሁ ሰክቶ ካላሰማችሁ ቀብድ አትስጡ። እኔ አንዴ ሰጥቼ ካርቶኑ ውስጥ ውፈሩ የተቀየረ ስፒከር ተቀብያለሁ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ይቅር።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ መልካም ዜና አለኝ። አምፕሊፋየር ብታስመጡ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ስለሆነ ለኛ 220 ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እንዳመጣችሁት ብትሰኩት ጭስ ነው። ሴንተር ስፒከር ግን ራሱ መብራት ላይ አይሰካም። ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፑ በሽቦ ነው። የቱም አገር ስፒከር እዚህ ይሠራል። ችግሩ 23 ኪሎዋ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬው መልስ ቦታ ማግኘት ነው።

ሽቦው አይክበድባችሁ። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ለስላሳው ባለ ሁለት መስመር 1.5 ሽቦ ለአንድ ሳሎን ይበቃል። በወርቅ ተለብጧል የሚሏችሁን ለሠርግ ተዉት።

ከመግዛት በፊት ግን

ይህን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። ሴንተር ያላችሁ ሆኖ ንግግር ካልተሰማችሁ ችግሩ ስፒከሩ ላይሆን ይችላል።

አብዛኞቻችን ሴንተሩን ቡፌው ውስጥ፣ ከአበባውና ከብርጭቆው ኋላ ወሽቀነዋል። ላዩ ላይ ዳንቴል ተነጥፎበታል። ድምፁ ከሣጥኑ ግድግዳ እየተላተመ ነው የሚወጣው። ወደ ፊት ሳቡት፤ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ይስተካከል። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ የሚያወራው ለጉልበታችሁ ነው። ከፊት በኩል የበር ማቆሚያ ላስቲክ ሥሩ ሻጡና ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የድምፅ መውጫው ፒሲኤም ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለአምፑ የሚደርሰው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ወደ ቢትስትሪም ወይም አውቶ ቀይሩት። ከዲሽና ከዩቲዩብ የምናየው አብዛኛው ግን መጀመሪያውንም ባለ ሁለት መስመር ነው። ለዚያ አምፑ ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ወይም ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ምረጡ። ከሁለቱ መስመር እኩል የሆነውን፣ ማለትም ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ ሴንተር ይልካል። ብዙ ሰው ሴንተር ገዝቶ የአማርኛ ድራማ ላይ ዝም የሚልበት ይህን ስላልነካ ነው።

ሴንተሩን በሜኑ «ስሞል» አድርጉና መቁረጫውን 80 ሄርዝ ላይ አኑሩ። ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሰብዉፈሩ ይረከበዋል። ግዙፍ ሴንተር መግዛት የማያስፈልገው በዚህም ምክንያት ነው። ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ አስገቡ። በመጨረሻ የሴንተሩን ብቻ 2 ወይም 3 ዲቢ ጨምሩ። ጎረቤታችሁ መጥረጊያ የሚያነሱ ከሆነ ናይት ሞድ የሚለውን ክፈቱ፤ ተኩሱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

የክፍሉም ነገር አለ። ባዶ ሴራሚክ፣ ባዶ ግድግዳ ያለው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ያስተጋባል። አማርኛ ደግሞ ማስተጋባት አይወድም። ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይኖራል ነው። ልዩነቱ «ለ»ን ይዞ የመቆየት ቅጽበት ናት። ያለፈው ፊደል ሳይበርድ ቀጣዩ ከተደረበበት ያቺ ቅጽበት ትደበዝዛለች። ወፍራም መጋረጃና ከሶፋው ፊት አንድ ምንጣፍ ብዙ ይሠራሉ። ምንጣፍ ካላችሁ ከስፒከር በፊት እሱን አንጥፉ።

እኔ በመጨረሻ ከግራና ከቀኜ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነጠላ ስፒከር አገኘሁ። ጥንዱ የተበላሸበት ሰው ነው የሸጠልኝ፤ ለሱ ሸክም፣ ለኔ ሲሳይ። ቡፌውን ከሥሩ አወጣሁና ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ስፒከሩ ከሥሩ ቆመ። ዳንቴሉን አክስቴ መልሳ ላዩ ላይ አድርጋዋለች፤ ፊቱን እስካልሸፈነች ድረስ ምንም አላልኩም።

አሁን ከሶፋው ጫፍ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ሞቶ አልነበረም እንዴ?» ለዚህ የሚሆን ስፒከር መርካቶም አላየሁም።